ሕጉ ዝም በሉ አላለም

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው የሚገባውን ነገር ባለማወቅ ሳይወስደው ቢቀር፣ እናንተም ይህን እያያችሁ ብትሆኑ፣ ሕጉ ደግሞ «የመናገር ግዴታ የለባችሁም» ቢላችሁ፣ ዝም ማለታችሁ በደል ነው ወይስ አይደለም? ቶሎ አትመልሱ። ይህን የምጽፍላችሁ እኔ ቶሎ መልሼ ስለ ተጸጸትኩ ነው።

የማገለግለው በአሜሪካ፣ በሲያትል አካባቢ ባለች አንዲት የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ነው። አርብ ማታ ከጥናት በኋላ ወጣቶቹ ቶሎ አይበተኑም። ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ሻይ ይጠጣሉ፣ ጊታር የሚሞክር ይሞክራል፣ ወላጆቹን የሚጠብቅ ይጠብቃል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በአንድ ጥግ ካርድ የሚጫወቱ ተሰበሰቡ። ጨዋታው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» ይባላል። የስሙን ትርጉም የሰሙ ወላጆች ደነገጡ፤ ካርዶቹ ላይ የተሳሉትን ዘንዶዎችና አጋንንት ያዩት ደግሞ ይብሱን ተጨነቁ። ሽማግሌዎቻችንም ጠሩኝና «አንተ ከልጆቹ ጋር ትግባባለህ፤ እስቲ አብረህ ቁጭ በልና እየው» አሉኝ።

ቁጭ ብዬ አየሁት። ስለ ስሙና ስለ ሥዕሎቹ ያሰብኩትን ለሽማግሌዎቹ ነግሬያለሁ። በእናንተም ዘንድ ይህ ጥያቄ ከተነሣ ከወላጆቻችሁና ከመሪዎቻችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ኅሊናው የከለከለውን ሰው ማንም እንዲጫወት አይጫነው። የዛሬው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ክፉውን ነገር ሥዕሎቹ ውስጥ ስፈልግ ቆይቼ፣ እንቅልፍ የነሣኝን ነገር ያገኘሁት በሁለት ጨዋ ልጆች መካከል፣ ያውም በራሴ አፍ ውስጥ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ምሁር ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የሚያሳትመው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው ድርጅት መሥሪያ ቤት ያለው እዚሁ በሲያትል አጠገብ፣ ሬንተን ከተማ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እያንዳንዳቸው ራሳቸው መርጠው ያዘጋጁት፣ ብዙውን ጊዜ 60 ካርድ ያለበት ጥቅል ይይዛሉ። በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራሉ። ከካርዳቸው ፍጡራንን ወደ ሜዳ እያስገቡ ይጠቃቃሉ፤ ነጥቡ ያለቀበት ይሸነፋል።

እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ካርድ የራሱን ትንሽ ሕግ ተሸክሞ መምጣቱ ነው። እስከ ዛሬ የወጡት የተለያዩ ካርዶች ከ20,000 በላይ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ካርድና ባለፈው ወር የወጣ ካርድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ፤ የጻፏቸው ሰዎች ግን አንዱ ስለ ሌላው ካርድ አስቦ አያውቅም። ያን ጊዜ «እንግዲህ ምን ይሆናል?» የሚል ክርክር ይነሣል። የጨዋታው ዋና የሕግ መጽሐፍ ከ200 ገጽ በላይ የሆነው ለዚህ ነው። በትልልቅ ውድድሮችም ሕጉን ያጠኑ ዳኞች በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዞራሉ፤ ግራ የገባው ተጫዋች እጁን አንሥቶ ይጠራቸዋል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክርክሮቹ የሚፈቱበትን መንገድ ወደድኩት። የመጀመሪያው ነገር ካርዱን ማንበብ ነው። የምታስታውሱትን ወይም የምትመኙትን ሳይሆን የተጻፈውን። በአንዳንድ የቆዩ ካርዶች ላይ የታተመው ቃል እንኳ ዛሬ የሚሠራበት ቃል አይደለም፤ ድርጅቱ የእያንዳንዱን ካርድ ወቅታዊ ቃል በአንድ ይፋዊ መዝገብ ይዟል፣ ዳኛ የሚፈርደውም በዚያ ነው። ሁለተኛው፣ አጠቃላዩ ሕግና ካርዱ ከተጋጩ ካርዱ ይበልጣል። ሦስተኛው፣ አንዱ ካርድ «ይቻላል» ሲል ሌላው «አይቻልም» ካለ «አይቻልም» ያሸንፋል።

አራተኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። መሶብ ላይ የተደራረበ እንጀራን አስቡ፤ መጨረሻ የተጋገረው ላይ ነው፣ መጀመሪያ የሚነሣውም እሱ ነው። በዚህ ጨዋታም እንዲሁ መጨረሻ የተጠራው ካርድ መጀመሪያ ይፈጸማል። ለምሳሌ ሁለት ጥንካሬ ያለው ፍጡር አለኝ እንበል። ተጋጣሚዬ «ላይትኒንግ ቦልት» የተባለውን፣ ሦስት ጉዳት የሚያደርሰውን ካርድ ወረወረብኝ። እኔ ከመፈጸሙ በፊት «ጃያንት ግሮውዝ» የተባለውን፣ ለዚያች ተራ ሦስት የሚጨምረውን ካርድ ብመልስ የእኔው ቀድሞ ይፈጸማል። ፍጡሬ አምስት ይሆናል፤ ሦስቱን ጉዳት ችሎ ይተርፋል። ነገር ግን ለማሳደግ የቸኮልኩት እኔ ሆኜ እሱ በመልሱ መብረቁን ቢጥል ፍጡሬ ሳያድግ ይሞታል። ካርዶቹ ያው ሁለት ናቸው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተላቸው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ክርክር ድምፅ ከፍ በማድረግ ማሸነፍ አይቻልም። ሀብታም መሆን፣ ታላቅ መሆን፣ ቀልደኛ መሆን አይረዳም። በዳኛ ውሳኔ ያልተስማማም ወደ ዋናው ዳኛ ይግባኝ ይላል፤ የዋናው ዳኛ ቃል ይጸናል። ጥቂት ወር ተቀምጬ ካነበብኩ በኋላ ልጆቹ ጥያቄያቸውን ወደ እኔ ማምጣት ጀመሩ። የአርብ ማታው ዳኛ እኔ ሆንኩ። ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወደዚያች ማታ ልምጣ።

አንደኛው ተጫዋች እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ጨዋታውን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቅ፣ በሱቆች ውድድር የሚሳተፍ ልጅ ነው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና አምስት ወሩ ነበር። እንግሊዝኛው እየተሻሻለ ቢሆንም የካርድ እንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ነው። ጥቅሉን ያሰናዱለት ልጆቹ ከትርፍ ካርዶቻቸው ነበር። ከእነዚያ ካርዶች አንዷ «ሶል ዋርደን» ትባላለች፤ «የነፍስ ጠባቂ» እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ የታተመችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። አቅም የላትም፤ ጥንካሬዋ አንድ ብቻ ነው። የምትሠራው ሥራ ግን ደስ ይላል፦ ሌላ ፍጡር ወደ ሜዳ በገባ ቁጥር ባለቤቷ አንድ የሕይወት ነጥብ ያገኛል።

ልብ በሉ፤ «ሌላ ፍጡር» ነው የሚለው፣ «ሌላ ያንተ ፍጡር» አይልም። ተጋጣሚህ ፍጡር ሲያስገባም ነጥቡ ላንተ ይጨመራል። አዲሱ ልጅ ግን ለራሱ ብቻ መስሎታል። የራሱን ፍጡር ባስገባ ቁጥር በጥንቃቄ አንድ ይጨምራል፤ ተጋጣሚው ሲያስገባ ዝም ብሎ ያያል። ተጋጣሚው ከዚያች ካርድ በኋላ አራት ፍጡራን አስገባ። አራት ጊዜ አየ፣ አራት ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻው ጥቃት አምስት ጉዳት ደረሰ፤ አዲሱ ልጅ የቀረው ሦስት ነጥብ ነበር። ተሸነፈ። እነዚያ አራቱ ቢቆጠሩለት ኖሮ ሰባት ይኖረው ነበር፤ ያን ጥቃት በሁለት ነጥብ ያልፈው ነበር።

ካርዶቹ መሰብሰብ ከጀመሩ በኋላ ነው አጠገባቸው ተቀምጣ ስታይ የነበረች እኅት «ቆይ፣ ያቺ ካርድ በእሱም ፍጡር ትሠራ የለ እንዴ?» ያለችው። ወደ እኔ መጡ። አሸናፊው አልዋሸም። ስልኩን አወጣና የውድድሩን ደንብ አሳየኝ፦ ተጋጣሚህ የራሱን ካርድ ውጤት ቢረሳ አንተ የማስታወስ ግዴታ የለብህም። አነበብኩት። ልክ ነው፣ እንዲያ ይላል። «ጨዋታው አልቋል፤ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው» አልኩ።

አዲሱ ልጅ አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እሱ ግን ያውቅ ነበር?» አለኝ።

«ማወቁ ሕጉን አይለውጠውም» አልኩት።

ካርዶቹን ለባለቤቶቻቸው መለሰ፣ ቻው ብሎን ወጣ። በሚቀጥለው አርብ አልመጣም። በሚቀጥለውም። በሦስተኛውም።

ተወዳጆች፣ እዚህ ላይ አብረን እናስብ። ፍርዴ ስሕተት አልነበረም። ያንኑ ጥያቄ በትልቅ ውድድር ላይ ላለ ዳኛ ብታቀርቡለት ያንኑ ይላችኋል። ታዲያ ምን አጠፋሁ? ለብዙ ቀን ካወጣሁ ካወረድኩ በኋላ የገባኝ ይህ ነው፦ የቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ፣ የመለስኩት ግን አንዱን ነው። የመጀመሪያው «በሕጉ መሠረት ማን አሸነፈ?» የሚል ነበር። የሁለተኛውን፣ «ከፊቱ ለተቀመጥኩት ሰው ምን ነበረብኝ?» የሚለውን፣ አዲሱ ልጅ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጠየቀኝ፤ እኔም በመጀመሪያው መልስ ዘጋሁት።

ሕግ የሚፈቅደው ነገርና ሕግ የሚያዘው ነገር አንድ አይደሉም። ደንቡ «የመናገር ግዴታ የለብህም» አለ እንጂ «ዝም በል» አላለም። ሁለቱን ስናምታታ ነው ሕጉን ጋሻ የምናደርገው። ከዚህ በፊትም ሰው ተጠያቂነቱን ለማምለጥ የጠባቂነትን ነገር በጥያቄ መልክ ወደ እግዚአብሔር መልሶ ወርውሮታል፤ በዘፍጥረት 4 የቃየንን አነጋገር አንብቡ። የካርዷ ስም ትዝ ባለኝ ቁጥር ያ ምዕራፍ ይመጣብኛል።

የሚገርመው፣ የጨዋታው ሕግ ራሱ ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ሆኖ አገኘሁት። የውድድሩ ደንብ ዕውቀትን ይከፋፍላል። ስትጠየቁ ሙሉ በሙሉና በእውነት ልትመልሱት የሚገባ አለ፤ ለምሳሌ ስንት የሕይወት ነጥብ እንደ ቀራችሁ። ለሁለታችሁም ክፍት ሆኖ ተጋጣሚያችሁ ራሱ ሊደርስበት የሚገባ ደግሞ አለ፤ የጨዋታው ሕግና የካርዶች ቃል እዚህ ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ላይ «አልነግርህም» ማለት ትችላላችሁ፣ አጣምሞ መንገር ግን ክልክል ነው። በእጃችሁ ያሉት ካርዶች ደግሞ የግል ምሥጢራችሁ ናቸው። እስካሁን ያለው ከባድ ውድድር ላይ ነው። በሰፈር ሱቅ ለሚደረጉ ተራ ጨዋታዎች ግን ደንቡ ይለወጣል፤ ሁለተኛው ዓይነት ዕውቀት እንደ መጀመሪያው ይቆጠራል፤ ከተጠየቃችሁ በእውነት መመለስ አለባችሁ።

ልጁ አልተጠየቀም፤ ስለዚህ ይህንንም አንቀጽ አልጣሰም። ነገር ግን ከአንቀጹ በስተ ጀርባ ያለውን ሐሳብ ተመልከቱ። ደንቡን የጻፉት ሰዎች የቱን ያህል መተጋገዝ እንደሚገባ ከመወሰናቸው በፊት «የት ነው የተቀመጣችሁት? ለምንስ ነው የተቀመጣችሁት?» ብለው ጠይቀዋል። በውድድር አዳራሽ ያለው ዕዳና በሰፈር ሱቅ ያለው ዕዳ እኩል እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። እኛ ግን የውድድር አዳራሹን ደንብ ከቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ሻይና ዳቦ በቀረበበት ጠረጴዛ ላይ አምጥተን ዘረጋነው።

ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። ስለዚህ ከተለያየ ቦታ የመጡ ሁለት ሰዎች ጠጠር ከመደርደራቸው በፊት «እናንተ ዘንድ እንዴት ነው?» መባባል አለባቸው። ያ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ሐቀኝነት ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። አብረን ልንፈትን የተስማማነው ምንድን ነው? ብልሃትን ነው? ትኩረትን ነው? ወይስ ማን ሕጉን ቀድሞ እንደ ተማረ ነው?

እዚህ ላይ ከእናንተ መካከል በጨዋታ የበሰለ አንዱ ሊቃወመኝ እንደሚችል ዐውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ቀላል አይደለም። «መምህር፣ በውድድር ላይ የራስን ካርድ ማስታወስ ራሱ ችሎታ ነው። እኔ ለማስታወስ ስለፋ የረሳውን ሰው የማስታውሰው ለምንድን ነው? ደግሞም ውድድር ላይ ሁለታችን ብቻ አይደለንም። እኔ ለዚህ ሰው ደግ ሆኜ ባሳልፈው በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ከእሱ ጋር እኩል ያለውን ሌላ ሰው ጎዳሁት። በሌላ ሰው ኪስ መጽወት ደግነት ነው ወይ?»

ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ እቀበለዋለሁም። ሁለት ሰዎች ዐውቀውና ተስማምተው ትኩረታቸውን ሊፈትኑ ከተቀመጡ የአንዱ ዝምታ ሌላውን አያታልለውም። እንዲያውም በየደቂቃው የሚያስታውስ ሰው ተጋጣሚውን እንደ ሕፃን ሊቆጥረው ይችላል፤ ያም ንቀት ነው። ስለዚህ «ሁልጊዜ ተናገሩ» የሚል አዲስ ሕግ አላወጣላችሁም። ግን ልዩነቱን እዩት። አዲሱ ልጅ አልረሳም፤ አላወቀም። የረሳ ሰው ይዞት የነበረውን ነው የጣለው። ያላወቀ ሰው ግን ከእጁ ምን እንደ ወደቀ እንኳ አያውቅም። የረሳ ሰው ፈተናውን ወደቀ፤ ያላወቀው ግን ፈተና ላይ መቀመጡን የነገረው የለም። በዚያች ማታ ሰንጠረዥ አልነበረም፣ ሽልማት አልነበረም፣ የሚጎዳ ሦስተኛ ሰውም አልነበረም።

በዘዳግም 22 ላይ አንድ የሚገርም ትእዛዝ አለ። የወንድምህ በሬ ወይም በግ ጠፍቶ ሲባዝን ብታይ እንዳላየ ሆነህ ማለፍ ተከልክለሃል። በሬውን የሰረቅከው አንተ አይደለህም፤ ገመዱንም አልፈታህም። ያደረግከው ነገር ቢኖር ማየት ብቻ ነው። በዚያ ትእዛዝ ግን ማየት ራሱ ዕዳ ያመጣል። ሩቅ ያለውን ወይም የማታውቀውን ሰው ከብት እንኳ ቤትህ አስገብተህ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ ጠብቅ ይላል። እንግዲህ ያ ልጅ አራት ጊዜ አየ። እኔም ዳኛ ሆኜ ማየቱን ከቁጥር አላስገባሁትም።

ታዲያ ዝምታችን የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ በምን እንለየው? ራሳችንን መሸንገል እንወዳለንና የሚለይበት ነገር ያስፈልገናል። እኔን የረዳኝ ይህ ነው፦ ዝምታችሁን ከጨዋታው በኋላ ለዚያው ሰው ልትነግሩት ትችላላችሁ? ውድድር ላይ የተገናኙ ሁለት ጎበዞች ጨዋታው ሲያልቅ «ያቺን ካርድ ረሳሃት እኮ!» ይባባላሉ፤ የረሳውም ግንባሩን መትቶ ይሥቃል። ያ ዝምታ ብርሃን አይፈራም። የእኛ አሸናፊ ግን ካርድ ሲሰበስብም አልተናገረም፤ እኅታችን ባትናገር ኖሮ ነገሩ እንደ ተሸፈነ ይቀር ነበር። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን አድገናል፤ መልካም ምክር ነው። ግን አፋችንን የዘጋነው ዝንብ እንዳይገባ ነው ወይስ እውነቱ እንዳይወጣ?

ነገሩ ከካርድ ጠረጴዛ ያልፋል። ነገ ያገለገለ መኪና ትሸጡ ይሆናል። ገዢው አገሩን ገና የለመደ፣ ስለ መኪና ምን እንደሚጠየቅ የማያውቅ ወገናችሁ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ «ባለበት ሁኔታ ተሸጧል» የሚል አለ። ማርሹ እንደሚንሸራተት ታውቃላችሁ፤ እሱ አልጠየቀም። ውሉ ዝም እንድትሉ ሊፈቅድላችሁ ይችላል። በዚያን ሰዓት በልባችሁ የሚመጣው ክርክር ያ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ካሳየኝ አንቀጽ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሰው በትልቁ ነገር ላይ የሚናገረውን ቋንቋ የሚለምደው በትንሹ ነው፤ አርብ ማታ ለአራት ነጥብ ዝም ማለትን የለመደ አፍ ለመኪናውም ዝም ማለትን ያውቅበታል።

የቀረውን ልንገራችሁ። ከሦስተኛው አርብ በኋላ አሸናፊውን ለብቻው ጠራሁት። ገና ሳልጀምር «ጋሼ፣ አላጭበረበርኩም» አለኝ።

«አላጭበረበርክም። የፈረድኩትም ልክ ነበር። ግን ፍርዱ ልክ ስለ ሆነ ነገሩ ያለቀ መሰለን። ያ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር፤ መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «ዐውቅ ነበር። መጀመሪያ ላይ ልነግረው ነበር፤ አንዴ ካለፍኩት በኋላ ግን መናገሩ አፈረኝ» አለ። ይህን ቃል አልረሳውም። ብዙዎቻችን ክፉ ስለ ሆንን አይደለም ዝም የምንለው። የመጀመሪያዋን ዝምታ ለመሸፈን ሁለተኛዋ ታስፈልጋለች፣ ለሁለተኛዋ ሦስተኛዋ። አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፤ ለማንሣት ደግሞ ከላይ፣ ከመጨረሻው መጀመር ግድ ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ አብረን ወደ አዲሱ ልጅ ቤት ሄድን። እኔም ይቅርታ የምጠይቀው ነበረኝ፤ ጠየቅሁት። እናቱ ቡና አፈሉልን። ልጁ ካርዶቹን ይዞ መጥቶ ነበርና «እንጫወት?» አለ። ከፊቱ ግን አልተቀመጠም፤ እኔን ከፊት አስቀምጦ እሱ ከአዲሱ ልጅ ጎን ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ካርዶቹን አንድ በአንድ አነበበለት። ያቺን ደካማ ካርድ ሲያገኙ «ይህቺ በማንም ፍጡር ትሠራለች፤ እሱ ባስገባ ቁጥርም ላንተ ነው የሚጨመረው» አለው። እኔ በዚያን ቀን በሁለቱ ተባባሪነት ክፉኛ ተሸነፍኩ።

አዲሱ ልጅ አርብ አርብ መምጣቱን ቀጠለ። ለተወሰነ ጊዜ ጓደኛው ሲረሳ ያስታውሰው ነበር። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ግን ከመጀመራቸው በፊት እጁን አንሥቶ አስቆመው። «ከዛሬ ጀምሮ አታስታውሰኝ። ራሴ ልያዘው» አለው። ጓደኛው ወደ እኔ ዞር አለ፤ እኔ ግን የምፈርደው ነገር አልነበረኝም፤ ሁለቱ ተስማምተው ነበር።

በዚያች ማታ አዲሱ ልጅ አንድ ነጥብ ረሳ፤ በዚያችው አንድ ነጥብ ተሸነፈ። የመጨረሻው ካርድ እንደ ወረደ ጓደኛው «ረስተሃል እኮ!» አለው። ልጁ ካርዱን አየ፣ ግንባሩን መታ፣ አዳራሹን በሣቅ ሞላው። ከዚያ ካርዶቹን እየበወዘ «በል፣ ድገም» አለ።